ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ ስላደረግነው መንገድ፤ በዚያም ስላየነው አሮጌና አዲስ ጨዋታ

ባለፈው ኅዳር ወር ታላቅ ወንድማችን በስልክ ጠርተውን፣ «ልጄ የጨዋታ ምርኮኛ ሆኖብኛልና መጥተህ ገላግለን፤ ባትመጣ ግን ከቤቴ ማስወጣቴ ነው» አሉን። ወንድማችን በተወለድንበት አገር በራያ ቆላ፣ ከቆቦ ከተማ ጥቂት ራቅ ብለው ማሽላ እያረሱ የሚኖሩ ሰው ናቸው። እኛ ደግሞ በደሴ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ስለ ሆንን፣ የሌላውን ሰው ክርክር ስንጽፍ እየዋልን የገዛ ቤታችንን ክርክር አንሰማም ማለት ነውር መስሎ ታየን። ስለዚህ ከአለቃችን የአምስት ቀን ፈቃድ ተቀብለን፣ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቀን ተነሣን።

ወደ መንገዱ ታሪክ ከመግባታችን በፊት ግን ለክቡራን አንባቢዎቻችን አንድ ነገር መግለጥ ይገባናል። እኛም ራሳችን ጨዋታ ወዳድ ነን። በቆሎ ተማሪነት ሳለን፣ የኔታ ቀትር ላይ ዐረፍ ሲሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በስተ ጀርባ መሬቱን ጭረን ገበጣ እንጫወት ነበር። ቈየት ብለን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር ደግሞ አንድ መምህር የአውሮፓን ሰንጠረዥ አስተማሩን። ዛሬም ዕድሜያችን ከአርባ ካለፈ በኋላ፣ መዝገቡን ዘግተን ከቤት ስንገባና ልጆች ሲተኙ፣ በእጅ ስልካችን ሰንጠረዥ እንጫወታለን። በስልኩ ውስጥ ያለው ተጋጣሚ አይደክመውም፤ አይቈጣም፤ በእኩለ ሌሊት ቢጠሩትም እንቢ አይልም። ከመዳፍ በማትሰፋ መስተዋት ውስጥ ይህን ያህል ደስታ መገኘቱ በእውነት የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ዳሩ ግን ከመንገዳችን በፊት በነበረው ሳምንት ይኸው ጨዋታ አሳዘነን። አንድ ማታ ብንከፍተው «ራሴን ላድስ» የሚል ጥያቄ አቀረበልን፤ እኛም እሺ አልነው። ከታደሰ በኋላ ብናይ የሁለት ዓመት የጨዋታ መዝገባችን የለም፤ የሠሌዳው መልክ ተለውጧል፤ በየጨዋታው መካከልም የማናውቀው ነጋዴ ዕቃውን እያወደሰ ይገባብናል። ነጋዴውን ዝም ለማሰኘት ደግሞ በዶላር ክፈሉ ይላል። በፍርድ ቤት መዝገብ ቢጠፋ የሚጠየቅ ጸሐፊ አለ፤ እዚህ ግን ማን ይጠየቃል? ስለዚህ ለወንድማችን ልጅ ዳኛ ሆነን ስንሄድ፣ ልባችን በግማሽ ከተከሳሹ ጋር እንደ ነበረ አንሸሽግም።

ከደሴ ማልደን ተነሥተን የሐይቅን ውሃ እያየን ወደ ውጫሌ ደረስን። በዚያ አካባቢ በይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል መዋዋላቸው የታወቀ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትላላከው ብትፈቅድ በኢጣልያ በኩል ይሆናል ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግን ፈቃዱን ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። ከዚህ የተነሣው ጠብ በ1888 ዓ. ም. በዐድዋ ጦርነት እንደ ተፈጸመ ሕፃናት እንኳ ያውቁታል። ይህን በመኪናው መስኮት እየተመለከትን ስናስብ ድንገት አፈርን። ምክንያቱም ያ የስልክ ጨዋታ ገና ስንጀምረው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ውል አሳይቶን ነበርና፣ እኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ተብለን አንዱን አንቀጽ እንኳ ሳናነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ነክተን አልፈናል። በውጫሌ ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ከዚያ በመርሳ አድርገን ወልድያ ገባን። ከወልድያ ወደ ቆቦ ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ሜዳው ሲገለጥ፣ የደጋ ሰው ዐይኑን ማመን ያቅተዋል። በስተ ምዕራብ የላስታ ተራሮች እንደ ግንብ ቆመዋል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ ከዞብል ማዶም የአፋር ቆላ ነው። በመካከሉ ያለው ሜዳ በዚያ ወር ማሽላ ብቻ ነበር፤ አገዳው ከሰው ቁመት በላይ፣ ራሱም የበሰለ። እንደ ሆርማት ያሉት ወንዞች በበጋ አሸዋቸው ይታያል እንጂ፣ ክረምት ሲሆን ከምዕራቡ ተራራ ጎርፍ ይዘው ይወርዳሉ። የአገሩ ገበሬ ጎርፉን በቦይ እየጠለፈ ወደ እርሻው ያስገባዋል። ውሃው በሌሊት ቢመጣም አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ ጥቂት ቢዘገይ ውሃው አልፎ ይሄዳልና። ጥንቃቄና ዕድል በአንድነት የሚሠሩበት ሥራ ነው፤ ይህም የጨዋታን ጠባይ የሚመስል ነገር አለበት።

በየእርሻው መካከል በእንጨት የተሠራ ማማ ቆሞ፣ በላዩ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ሲከላከል ይታያል። ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ተሰብስቦ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ጠባቂው ጥቂት ቢዘናጋ የዓመት ድካም በአንድ ቀን ያልቃል። የወንድማችንም ክስ ከዚሁ ማማ ላይ የተነሣ ነበር።

ከቤት ገብተን፣ እግራችንን ታጥበን ቡና ከጠጣን በኋላ ወንድማችን ነገሩን ጀመሩ። «ወፍ እንዲጠብቅ ማማ ላይ ባወጣው፣ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ግሪሳ መጥቶ የታችኛውን እርሻ ጨረሰው። ስደርስ ወንጭፉ በጉልበቱ ላይ እንደ ተቀመጠ አገኘሁት። ስልኩን ቀምቼ ከሣጥን ቈልፌበታለሁ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፣ እሱም አያናግረኝ፣ እኔም አላናግረው» አሉን። እኛም «ጋሼ፣ ልጁስ ምን ይላል?» ብንላቸው፣ «ምን ይላል! እንደ ግንድ ተጋድሞ ይውላል» ብለው ዝም አሉ።

እትዬ ግን ወንድማችን ከብት ሊያስገቡ ሲወጡ ጠጋ ብለው፣ «አባቱ ያላወቀው ነገር አለ። ከደላላ ጋር ይነጋገራል። በጅቡቲ ባሕር ተሻግረው፣ በየመን አድርገው ሳዑዲ እናስገባሃለን ብለውታል። ከዚህ መንደር ሁለት ልጆች ሄደው ድምፃቸው ጠፍቷል። እኔ ልጄን ስልክ በላብኝ ብዬ አላለቅስም፤ ባሕር ይበላብኛል ብዬ ነው» አሉን። በዚያን ጊዜ የመጣንበት ጉዳይ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን።

በማግሥቱ ልጁን ይዘን ወደ ቆቦ ከተማ ሄድን። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ በመንገድ ላይ ከአዎንና ከአይደለም በቀር አልተናገረንም። እኛም «የምትጫወትበትን ቤት አሳየኝ» ብንለው ደንግጦ ተመለከተን፤ ሊገሥጸኝ ነው ብሎ አስቦ ነበርና። የወሰደን ቤት ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ሲሆን፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽንና ጥቂት አግዳሚ ወንበር አለበት። ይህን መሣሪያ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ መጀመሪያ ለሽያጭ ያወጣው በ1987 ዓ. ም. በኅዳር ወር ነው። ልጆቹ ለአንድ ግጥሚያ ጥቂት ብር እየከፈሉ የእግር ኳስ ጨዋታ ይጫወታሉ። ጨዋታውን ፊፋ ይሉታል፤ በ1986 ዓ. ም. በዚሁ ስም የወጣ ነው። በ2016 ዓ. ም. መጀመሪያ ግን አሳታሚው ከዓለም የእግር ኳስ ማኅበር ጋር በስሙ ጉዳይ ስለ ተለያየ፣ አዲሱን በሌላ ስም አወጣው። ያየናቸው ልጆች ግን አሁንም በቀድሞ ስሙ ይጠሩታል።

የደስታቸውን ብዛት ለመግለጥ ያስቸግረናል። አንዱ ጎል ሲያገባ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ይነሣሉ፤ በእውነተኛ ሜዳ ላይ ያሉ ያህል ያላባቸዋል። ብስጭታቸውም እንደዚሁ ብዙ ነው። አዲስ ጨዋታ በየዓመቱ ይወጣል፤ አዲሱ ግን በአሮጌው መሣሪያ አይሠራም፤ ቢሠራም በእነርሱ ኢንተርኔት ለማውረድ ቀናት የሚፈጅ ነው። ስለዚህ ስለ አዲሱ ይሰማሉ፣ ሥዕሉን በስልክ ያያሉ፣ የሚጫወቱት ግን ያረጀውን ነው።

እኛ ተቀምጠን ስናይ ግጥሚያው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ወዲያው ክርክር ይነሣል ብለን ስንጠብቅ፣ አንድም ሰው አልጮኸም። የቤቱ ጌታ «ሦስት ለአንድ» ብሎ ተናገረ፤ መሪው አሸናፊ ሆኖ ተቈጠረ፤ ተሸናፊውም መብራት ሲመለስ በነጻ አንድ ግጥሚያ ተሰጠው። ብንጠይቅ፣ ይህን ሕግ ልጆቹ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረው ራሳቸው እንዳወጡት ነገሩን። በወረቀት ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚያከብረው ሕግ ነው። በፍርድ ቤት ብዙ ዘመን ስንኖር እንደዚህ ያለ ቀና ፍርድ ያየነው ጥቂት ጊዜ ነው።

ስንመለስ የልጁ አፍ ተፈታ። የነገረንን በአጭሩ እንጽፋለን። በ2013 ዓ. ም. በሐምሌ ወር ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ የ13 ዓመት ልጅ ነበረ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ መብራትና ስልክ ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ አባቱ ከበግ ሽያጭ ያገለገለ ስልክ ገዙለት። በስልኩም ከተማ የሚሠሩበትን አንድ ጨዋታ ጀመረ፤ መንገድ አወጣ፣ ትምህርት ቤት ሠራ፣ መብራት አስገባ። በ2015 ዓ. ም. ክረምት በክልሉ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ሲቈይ፣ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት አይከፈትምና ተዘጋ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ብዙ እድሳት ጠየቀው፤ አድሶ ሲጨርስም «አላውቅህም» አለው። ከተማው ጠፋ።

«አጎቴ» አለን፤ «በውጭ ያለውም ፈረሰ፣ በውስጥ የሠራሁትም ፈረሰ። በማማው ላይ ስሆን ያን ከተማ እንደገና እየሠራሁ ነበር። ወፉን አላየሁትም እንጂ አባቴን ንቄ አይደለም።»

እኛም ለጊዜው መልስ አጣን። ቈይተን «ወደ ሳዑዲ የምትሄደውስ ለምንድን ነው?» ብንለው፣ እናቱ እንደ ነገሩን ገብቶት አንገቱን ደፋ። ከዚያም «አዲስ ስልክና ኮምፒዩተር ለመግዛት ነው። ጨዋታ እንዴት እንደሚሠራ መማር እፈልጋለሁ፤ በዚህ ስልክ አይሆንም» አለን። ከኪሱም አንድ የተጣጠፈ ደብተር አወጣ። በደብተሩ ላይ 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ ተሥሏል፤ የጠጠሩም አካሄድ በቀስት ተመልክቷል፤ ሕጉ በአማርኛ በቍጥር ተራ ተጽፏል። ከሁሉ በላይ «ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ» ተብሎ በቀይ ተሠምሮበታል። እኛም በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የሚባል የኢትዮጵያውያን ድርጅት ኩኩሉ የተባለ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ጨዋታ፣ እንደዚሁም የገበጣ ጨዋታ ለስልክ መሥራቱን ብንነግረው፣ ቆሞ ሁለት ጊዜ «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀን። ከቀደመው ሰው በመኖሩ ያዝናል ብለን ስንፈራ፣ እርሱ ግን ይህ ነገር በአገር ሰው እጅ ሊሠራ እንደሚችል በማወቁ ደስ አለው።

ስለ አገራችን ሰንጠረዥም አጫወትነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግሬ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ጽፏል። በዚያ ሕግ ሁለቱ ተጫዋቾች ሲጀምሩ ተራ አይጠባበቁም፤ የመጀመሪያው ዕቃ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ፈርዝ የሚባለውም በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ ነው። በአውሮፓ ግን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሕጉ ተለውጦ ፈርዝ ንግሥት ሆና ሠሌዳውን ሁሉ የምትዞር ሆነች። እኛ በሚሲዮን የተማርነው ይህን አዲሱን ነው። የአባቶቻችንን ግን ያወቅነው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ካሳተሙት ጥናት ነው እንጂ ሲጫወቱት አይተን አይደለም። ልጁም ይህን ሰምቶ፣ «እንግዲያስ አሮጌው የጠፋው የሚያስተምር ሲታጣ ነው» አለ።

ማታ ከራት በኋላ ወንድማችንን «ጋሼ፣ ገበጣ እንጫወት» ብንላቸው ሳቁ። ነገር ግን እንቢ አላሉም፤ በግቢው መሬቱን ጭረን 12 ቤት አወጣን፤ በየቤቱም አራት አራት ጠጠር አደረግን። ገና ስንጀምር በሕጉ ተለያየን። እኛ በቆሎ ተማሪነት በለመድነው ሕግ ብንጫወት፣ ወንድማችን «በዚህ ቤት እንደዚያ አይደለም» አሉ። በዚህ ጊዜ ልጁ ከጥግ ተነሥቶ ደብተሩን ይዞ መጣና፣ አባቱን ሳያይ፣ «በአንድ ቤት አራት ጠጠር ሲሞላ ላም ወለደች ይባላል፤ የቤቱ ጌታ ይወስደዋል» ብሎ አነበበ።

ወንድማችን ደብተሩን ተቀብለው በፋኖሱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ይህን ማን ጻፈው?» አሉ። ልጁም «እኔ ነኝ፤ አያቴ ያስተማሩኝን ነው» አለ። ወንድማችንም ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «የእናታችን ሕግ ነው። አንተ ሕፃን ሳለህ ለትምህርት ስለ ወጣህ አታውቀውም። እኔም ረስቼው ነበር» አሉ። እናታችን ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በኋላ በእናታችን ሕግ ተጫወትን፤ ወንድማችን ሁለታችንንም አሸነፉን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለልጃቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል፣ «ወፉን ሳታይ እንደ ቀረህ ሁሉ ይህችንም ጠጠር አላየሃትም» የሚል ነበር፤ ነገር ግን እየሳቁ ነው የተናገሩት።

በማግሥቱ ሙያችን ነውና የዕርቁን ውል ጻፍን። ስልኩ ለልጁ ይመለሳል። ማሽላው እስኪሰበሰብ ድረስ ግን ወደ ማማ ሲወጣ ስልኩ ከእናቱ ዘንድ ይቀመጣል። ልጁ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፤ የደላላውንም ቍጥር እናቱ እያዩ ያጠፋል። አባቱ በበኩላቸው ጨዋታውን ሰይጣን ነው ብለው ከመርገማቸው በፊት አንድ ጊዜ አብረውት ይሞክራሉ። እኛም ከደሴ ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት የሚጽፉ መጻሕፍትን እንልካለን፤ የእኛ ያገለገለ ኮምፒዩተርም ለእርሱ ይሆናል። በመጨረሻም አንዱ ወገን ሌላውን ሳያስፈቅድ ይህን ውል ሊያድስ እንደማይችል ጻፍን። ሁሉም እንዲሰማ ጮኽ ብለን አነበብነው፤ ያልገባቸውን ጠየቁ፤ ከዚያ በኋላ ፈረሙ።

ወደ ደሴ ተመልሰን ማታ ስልካችንን ብንከፍት ያ ጨዋታ እንደ ልማዱ «ራሴን ላድስ» አለን። በዚህ ጊዜ ግን መዝገበ ቃላት ይዘን ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብነው፤ ሌሊቱን ፈጀብን። ካነበብንም በኋላ እንቢ አልን። ጨዋታው አሁን በአሮጌ መልኩ ይሠራልናል፤ እስከ መቼ እንደሚፈቅድልን ግን ጌታው ብቻ ያውቃል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ልጅዎ በስልክ ላይ አቀርቅሮ ቢያዩት ፈጥነው አይፍረዱበት። መጀመሪያ ከአጠገቡ ተቀምጠው የጨዋታውን ሕግ ይጠይቁት፤ ቀጥሎም በጨዋታው ምን እንደ ሠራና ምን እንደ ጠፋበት ይጠይቁት። በሥልጣን ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ሕዝቡ በየቀኑ «እስማማለሁ» እያለ የሚገባበት ውል በሚያነበው ቋንቋ እንዲቀርብለት ብታስቡበት፣ የውጫሌን ነገር ያልረሳ ሰው ሁሉ ያመሰግናችኋል። የወንድማችን ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ማሽላው እንደ ተወቃ ነገረን። አባቱ በገበጣ እስካሁን አልተሸነፉለትም።